የዋቅቶላ አፈር

ዓለምነሽ አፈሩን ያወቀችው አስፋልት ላይ ነው።

ነሐሴ ነበር። ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋት ላይ ጋብ ሲል፣ ጫፋቸውን ቋጭታ የጨረሰቻቸውን ነጠላዎች በፌስታል ጠቅልላ ሽሮ ሜዳ ላለች ደንበኛዋ ልታደርስ ከቤት ወጣች። አዲሱ ገበያ ስትደርስ ታክሲዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል። ረዳቶች ሱሪያቸውን ሰብስበው በአካፋ ይዝቃሉ፤ ሾፌሮች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያማርራሉ። ጭቃው ግን እንደ ከተማ ጭቃ ጥቁርና የሚሸት አልነበረም። ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ገብስ ይታያል። ዓለምነሽ ጎንበስ ብላ ቆንጠር አደረገችና በጣቶቿ አሸችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ጭቃው የወረደበትን መንገድ በዓይኗ እየተከተለች ወደ ዳገቱ አየች።

"እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ" አላት አካፋ የያዘ ረዳት።

"የኛ ነው እኮ" አለችው።

"ምኑ?"

"አፈሩ።"

ረዳቱ ግራ ገብቶት መዛቁን ቀጠለ።

ሽሮ ሜዳ መሄዱን ተወችው። ቤቷ ተመልሳ ፌስታሉን ወንበር ላይ ጣለች፤ ቦቲ ጫማዋን አጠለቀችና ዳገቱን ተያያዘችው። ማሳው ከሰፈሩ በላይ፣ በአዳዲስ ቤቶች መሀል ተከቦ የቀረ ተዳፋት መሬት ነው። ባሏ ዋቅቶላ ከአባቱ የወረሰው ነው። ዋቅቶላ ካረፈ ወዲህ ታናሽ ወንድሙ ዋቅጋሪ በየዓመቱ በሬዎቹን ጠምዶ ያርስላታል፤ ገብሱን ይካፈላሉ፤ ጭዱ ለበሬዎቹ ይሆናል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ዓመት ሄዷል።

እላይ ስትደርስ ያየችውን ማመን አቃታት። ጎርፉ ከላይ ካሉት ቤቶች ጣሪያና ከኮብልስቶኑ መንገድ ተጠራቅሞ መጥቶ፣ ትልሞቹን እየተከተለ ማሳውን ቁልቁል ሰንጥቆታል። በመሀል የተረፈው ገብስ ተጋድሟል። በታችኛው ጠርዝ በኩል ሰው ቆሞ የሚውጥ ቦረቦር ተከፍቷል። እዚያ ጋ ሣር የለበሰች ጉብታ ነበረች። ዋቅቶላ ቀትር ላይ በሬዎቹን ፈትቶ ጋደም የሚለው እዚያች ላይ ነበር፤ እሷም ምሳ ስታመጣለት ጎኑ ትቀመጥ ነበር። ጉብታዋ ከነሣሯ ሄዳለች።

ዓለምነሽ የምትቀመጥበት ስላጣች ቆማ ቀረች።

ዋቅቶላ ሲያርስ ማየት ለመንገደኛ እንኳ ደስ ይል ነበር። ያን ጊዜ ከማሳው በላይ አንድ ቤት የለም፤ ጥድና ቁጥቋጦ ነው። የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያረጥበው ማለዳ ይነሳና ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ከበሬዎቹ ኋላ ይወጣል። እርፍ ሲጨብጥ አይጎብጥም። በሬዎቹን በኦሮምኛ እያናገረ፣ እያባበለ፣ ሲለውም እየወቀሰ ይሄዳል፤ በጅራፉ አየሩን እንጂ ጀርባቸውን አይነካም። አንዴ ቁልቁል ያርሰዋል፤ ሳምንት አሳድሮ አግድም ይሻግረዋል፤ እንደገና በሰያፍ ይመለስበታል። አፈሩ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ አይለቀውም።

"ግቢና ፈልጊ" ይላት ነበር ምሳውን ስታስቀምጥ። "አንድ ጓል ካገኘሽ ዛሬ እራት እኔ ነኝ የምሠራው።"

እሷም ጫማዋን አውልቃ ትገባና ጓል ፍለጋ ትዞራለች። አፈሩ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይውጣታል፤ ላዩ ሞቅ ያለ ነው፤ ሥሩ ቀዝቃዛ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ይነሳል፤ ያ ሽታ ከልብሷ ጋር ቤት ድረስ ይመጣል። ጓል አግኝታ አታውቅም። አግኝታም ቢሆን ዋቅቶላ እራት መሥራት እንደማይችል ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ማምሻውን ልጇ ሃዊ ከሥራ ስትገባ፣ እናቷን ያገኘቻት ጭቃ የያዘ ቦቲዋን ሳታወልቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ሃዊ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ተምራ፣ ከከተማ ውጭ ባሉ ወረዳዎች እየተዘዋወረች ገበሬ ታሠለጥናለች። ስለ ሰው መሬት ስታወራ ትውላለች፤ ስለ ራሳቸው መሬት ግን ደፍራ ተናግራ አታውቅም። ምክንያቱ አባቷ ነው።

አጠገቧ ተቀመጠችና የእናቷን ቦቲ እየጎተተች አወለቀችላት።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን እንዳይከፋሽ።"

"ተናገሪ።"

"መሬቱን የበላው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ አስተራረሱም ነው። ደጋግመን እናርሰዋለን፣ እናደቀዋለን፣ ጭዱን ጠርገን እንወስዳለን። ከዚያ ራቁቱን ክረምት ይገባል። የመጨረሻውን ትልም ደግሞ ቁልቁል አውጥተን ለጎርፉ መንገድ እንሠራለታለን።"

ዓለምነሽ ከጣቶቿ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቀፈቀች።

"አባትሽ እንዲያ ነበር የሚያርሰው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እና አፈሩን የጨረሰው አባትሽ ነው እያልሽኝ ነው?"

ሃዊ ይሄን ጥያቄ ስትፈራ ነው የኖረችው። "አይደለም እማዬ። በአባዬ ጊዜ እላይ ዛፍ ነበር። ዝናቡ ቢመጣ እንኳ ዛፉ ይይዘዋል፣ ሣሩ ይይዘዋል፤ ውሃው ማሳው ላይ ሲደርስ እየተራመደ ነው። አሁን ያለው ቆርቆሮና ኮብልስቶን ነው። ውሃው እየሮጠ ነው የሚመጣው። አባዬ ዛሬ ቢኖር እሱም ሌላ መላ ይፈልግ ነበር።"

"እሱን አንቺ አታውቂም" አለች ዓለምነሽ። ቁጣ ግን አልነበረባትም። "እሺ፣ ምን ይደረግ ነው የምትዪው?"

"ለአንድ ዓመት ማረሻ አናስነካው። ገብሱን ከሥሩ ሳይሆን ከወገቡ እንጨደውና የቀረው አገዳ መሬቱን ይሸፍነው። ከብት አይግባበት። ሰኔ ላይ አፈሩን ሳንገለብጥ በመቆፈሪያ ጫር ጫር እያደረግን ዘሩን እንቅበረው።"

ዓለምነሽ የወለቀውን ቦቲ አንስታ ከደረጃው ጋር መታ መታ አደረገችው። ጭቃው ወደቀ። ሰብስባ አበባው ሥር ደፋችው።

"አጎትሽ ይሄን ሲሰማ አንድ ነገር ይሆናል" አለች።

ዋቅጋሪ የሰማው ኅዳር ላይ፣ ማጭዱን ስሎ ለአጨዳ በመጣበት ጠዋት ነው። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሰፈሩ ከተማ ሆኖ ጎረቤቱ ሁሉ ባጃጅና ታክሲ ሲገዛ እሱ በጓሮው በሬ አስሮ የኖረ፣ ከላይ ባሉት ኮረብቶች መሬት የቀራቸውን ሰዎች ማሳ እያረሰ የሚያድር ገበሬ ነው።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ ከወገቡ ነው የምናጭደው" ስትለው፣ ሃዊ የቀለደች መስሎት ሳቀ።

"የበሬዎቼን ቀለብ መሬት ላይ ልተወው?"

"ለአፈሩ ልብስ ነው ጋሼ። የዝናቡ ጠብታ መሬቱን በቀጥታ እንዳይመታው ይከለክልልናል። ውሃውንም ያዝ ያደርገውና ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ሲበሰብስ ደግሞ ራሱ አፈር ይሆናል።"

"አፈሩ ይልበስና በሬዎቼ ይራቡ?"

ሃዊ በሥልጠና ላይ ገበሬዎች ይሄንኑ ሲጠይቋት የምትመልሰው ነበራት፤ የአባቷን ወንድም ፊት ለፊት እያየች ግን አልወጣላትም።

ዋቅጋሪ ወደ ዓለምነሽ ዞረ። "አንቺስ? የወንድሜ መሬት ጦሙን ሲያድር ዝም ብለሽ ልታዪ ነው?"

"ጦሙን አያድርም። ይዘራል።"

"ሳይታረስ?"

"ሳይታረስ።"

"ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ዋቅቶላ ሞቶ ቤቱ ተፈታ ነው የሚለው።"

ዓለምነሽ ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። "አፈሩ ሄዶ ሄዶ ድንጋዩ ብቻ ሲቀርስ፣ ያኔ ምን ይላል ሰው? እየው እስኪ ቦረቦሩን ዋቅጋሪ። አንተም እኮ ታየዋለህ።"

ዋቅጋሪ አላየም። ማጭዱን አነሳና ከወገቡ ማጨድ ጀመረ። እስከ ማታ ከማንም ጋር ሳይነጋገር አጨደ፤ ድርሻውን ጭኖ ሄደ። ሁልጊዜ ከአጨዳ በኋላ እሷ ቤት ነበር የሚበላው። የዚያን ቀን አልገባም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ዓለምነሽ ከጸሎት ፕሮግራም ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችው። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን፣ ዳለቻን፣ በገመድ ይዞ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። በጓሮው የቀረው ሌላው በሬ፣ ጉራቻ፣ የሚያሰማው ጩኸት እዚያ ድረስ ይሰማል። ዓለምነሽ የት እንደሚሄድ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

"ለሁለት የሚበቃ መኖ የለኝም" አለ ዋቅጋሪ፣ ሳያያት። "በልጉም ቀረ። አንዱ እንዲበላ አንዱ መሄድ አለበት። ይሄኛው ደግሞ አርጅቷል።"

ዳለቻ ሲወለድ አይታዋለች። ለቀንበር ያለማመደው ዋቅቶላ ነው፤ መጀመሪያ ብቻውን ግንድ እያስጎተተ፣ ቀጥሎ ከአንድ ሽማግሌ በሬ ጋር እያጣመደ። ዋቅቶላ በሕይወቱ የመጨረሻውን ትልም ያወጣውም በዚሁ በሬ ነው። ያኔ ዳለቻ ገና ጉልበቱ አልጠነከረም፤ ዋቅቶላ ደግሞ ጉልበቱ እያለቀ ነበር፤ ሁለቱ እየተያዩ ነበር የሚያርፉት።

"አሁኑኑ እንሂድና አገዳውን እንጨደው" አለችው። "ሃዊን እኔ እነግራታለሁ። ለሱ ይሁን።"

"አሁንማ እንደ እንጨት ደርቋል። ምስጡም ጀማምሮታል። ተይው።"

አብራው ወረደች። ሁለቱም በሬውን ከመሀል አድርገው ነበር የሚሄዱት። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋና በሬው ደንብሮ ቆመ። ዓለምነሽ እጇን አንገቱ ላይ አኖረች፤ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። መኪናው አልፎ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ እንዲያው እንደያዘችው ቆየች።

"ከዚህ ተመለሺ" አላት ዋቅጋሪ።

ተመለሰች። ማታ ሃዊ ስትገባ ስለ ዳለቻ ነገረቻት። ልጇ ሁሉንም ስትሰማ ወደ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሰኔ መጣ። እናትና ልጅ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጋገዙ ዘሩን ቀበሩ። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያያቸዋል። ያልታረሰ መሬት ላይ ተንበርክከው ሲጭሩ የጠፋባቸውን ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ "ዓለምዬ፣ ደህና ነሽ ግን?" ብላ ጠየቀቻት፤ ከልቧ ነበር።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ዓለምነሽ ቤት መቀመጥ አልቻለችም። ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ውሃው ከኮብልስቶኑ እየተንደረደረ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ማሳው አፋፍ ላይ ሲደርስ ጃንጥላዋን ዘንበል አድርጋ አየችው። ውሃው አገዳው ውስጥ ገባ፤ ገባና ድምፁ ጠፋ። እዚህም እዚያም ተበታትኖ፣ በአገዳው ሥር እየተሽሎከለከለ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ሰመጠ፤ የቀረው ከታች ሲወጣ ቀስ ብሎ ነው፤ መልኩም እንደ ቀጭን ሻይ ነው እንጂ እንደ ወትሮው ወፍራም ቡና አይደለም። ቦረቦሩ ያን ዓመት አልሰፋም። ለሃዊ ስልክ ደውላ ያየችውን ስትነግራት ሃዊ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

ደስታቸው ግን እስከ ነሐሴ ነው የዘለቀው። ማረሻ በየዓመቱ እየገለበጠ ሲቀብረው የኖረው አረም ዘንድሮ የሚነካው አጣ። ሙጃው መሬቱን አለበሰው። ሲናሩ ገብስ መስሎ ከገብሱ ጋር አብሮ አደገ፤ ዘለላ ሲያወጣ ነው የታወቀው፤ ያኔ ግማሹን ማሳ ይዞታል። ሃዊ ሁሉንም ስታይ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"አረሙን ንቄው ነበር" አለች። "የማሠለጥናቸው ገበሬዎች መድኃኒት ነው የሚረጩት። እዚህ ግን..." ከታች ያሉትን ቤቶች፣ በየጓሮው ያሉትን ጉድጓዶች አሳየች።

"መድኃኒትማ አይሆንም" አለች ዓለምነሽ። "እጅ አለን።"

እጃቸው ግን አልበቃም። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በሥራ ቀን የማትገኝ፣ ሌላዋ ወገቧን የሚያማት። በአንዱ ጎን ጨርሰው በሌላው ሲጀምሩ የመጀመሪያው እንደገና ይወጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ዓለምነሽ ጎንበስ ብላ ስትነቅል ከታች በኩል የሰው ኮቴ ሰማች። ዋቅጋሪ ነው። ሰላም ሳይላት ገብቶ፣ ኮቱን አውልቆ ሲናሩን ይነቅላል። ገብሱን ከሲናሩ የሚለየው በዓይን ሳይሆን በእጁ ነው የሚመስለው፤ አይሳሳትም። አጠገብ ለአጠገብ እየነቀሉ ወደ መሀል ሲደርሱ ዋቅጋሪ ቆም አለ። የነቀለው ሲናር ሥር ላይ የተንጠለጠለውን አፈር በመዳፉ ያዘው። እርጥብ ነው፤ ፍርፍር ይላል፤ መሀሉ ላይ አንዲት ቀይ ትል ተጥመለመለች። የበሰበሰውን አገዳ ገለጥ አድርጎ ጣቱን መሬት ውስጥ ሰደደ። ጣቱ ሳይቸገር ገባ።

"አፈሩ አለ" አለ።

በማግሥቱም መጣ፤ ከዚያም በኋላ። "ብያችሁ ነበር" የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሃዊ ቅዳሜ ስታገኘው ምን እንደምትል ጨንቋት "ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ዳለቻ..." ብላ ጀመረች፤ እሱ ግን "ያኛውን ጥግ ያዢ፤ ሊያፈራ ነው" ብሎ አቋረጣት።

የዚያ ዓመት ገብስ ትንሽ ነበር። ተካፈሉት፤ ዋቅጋሪም ድርሻውን ጫነ። ግን ያን ቀን ቤት ገብቶ በላ።

በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሦስቱም ዓለምነሽ ቤት ምሳ በልተው እንደተቀመጡ ዋቅጋሪ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንዴ ልረሰው" አለ።

ሃዊ አፏን ልትከፍት ስትል እጁን አነሳ። "ስሚኝ። ደጋግሜ አይደለም። አንዴ። አረሙ እንዲገለበጥ። ያንቺም አገዳ ይኑር፤ ሙሉውን ግን አይሆንም፤ ግማሹ ለጉራቻ ነው።"

"አንዴ ይሁን" አለች ሃዊ ቀስ ብላ። "ግን አግድም ጋሼ። ቁልቁል አንድ ትልም እንኳ አይወጣም። መስመሩን እኔ በውሃ ልክ ለክቼ ችካል እተክላለሁ፤ እርስዎ በችካሉ ላይ ይሄዳሉ። በትልሞቹ መሀል ደግሞ የአፈር እርከን እንሠራና ደሾ ሣር እንተክልበታለን።"

"ሣሩ ምን ይሠራል?"

"እርከኑን ይይዘዋል። እየታጨደ ደግሞ በሬ ይበላዋል። ይሄን ባለፈው ዓመት ነው ማሰብ የነበረብኝ።"

"በችካል አርሼ አላውቅም" አለ ዋቅጋሪ።

"እኔም አጎቴን በችካል አሳርሼ አላውቅም።"

ዓለምነሽ ሁለቱንም አየች። "በቃ፣ እንዲሁ ይሁን" አለች። "አገዳው ግማሽ በግማሽ። ማረሻው አንዴ። መሬቱ የኔ ነው፤ የኔም ቃል ይሄው ነው።"

የቀረው በሬው ነበር። ጉራቻ ብቻውን ነው። ከኮረብታው በላይ የሚኖር ጉልላት የሚባል ሰው እንዲሁ አንድ በሬ ስለቀረው፣ ዋቅጋሪ ሄዶ አነጋገረውና በመቀናጆ ተስማሙ፤ ሁለቱ በሬዎች በየተራ ለሁለቱ ሰዎች ማሳ ይጠመዳሉ ማለት ነው። የጉልላት በሬ ቀይ፣ ወጣትና ችኩል ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት በሬዎቹ ተጠመዱ። ሃዊ ቀድማ ወጥታ፣ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች መሀል ገመድ ወጥራ፣ በገመዱ መሀል ላይ ውሃ ልክ አንጠልጥላ ተዳፋቱን በአግድሙ ለክታዋለች። ችካሎቹ ቀጥ ብለው አልተሰለፉም፤ የመሬቱን ገላ እየተከተሉ እዚህ ጎበጥ እዚያ ገባ ይላሉ። ዋቅጋሪ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ።

"ጠማማ ነው።"

"መሬቱ ነው ጋሼ ጠማማው" አለች ሃዊ።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። በሬዎቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቀጥ ያለ ትልም የለመዱ ናቸው፤ በጠማማው መስመር ሲነዱ የታችኛው በሬ ወደ ቁልቁለቱ ይስባል፣ ቀንበሩ ያጋድላል፣ ማረሻው ከመስመር ይወጣል። ቀዩ ደግሞ ችካሉን በእግሩ እየሰበረ ያልፋል። ዋቅጋሪ ላቡ ጠብ አለ። አንዴ ቆሞ ሞፈሩን ተደገፈና "እኔ አርጅቻለሁ ወይስ መሬቱ ነው የተቀየረው?" አለ።

ዓለምነሽ ነጠላዋን አደገደገችና ገባች። ጉራቻን ከፊት በገመድ ያዘችው።

"እኔ ልምራው" አለች። "አንተ እርፉን ብቻ ያዝ።"

በሬ ፊት ሄዳ አታውቅም። እሷ የምትገባው ታርሶ ካለቀ በኋላ ነበር። አሁን ችካሉን እያየች ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ የጉራቻ ትንፋሽ ትከሻዋን ያሞቀዋል፤ ከኋላ ማረሻው ሥር ሲበጥስ ይሰማታል። ጥቂት እንደሄዱ በሬዎቹ ረጉ። መስመሩን ያዙ። ዋቅጋሪም ትንፋሹ ሲመለስለት በሬዎቹን ማናገር ጀመረ፤ በኦሮምኛ፣ እያባበለ፣ አልፎ አልፎ እየወቀሰ።

ዓለምነሽ ጆሮዋን ጣለች። ድምፁ የዋቅቶላ ነው። ዋቅጋሪ ከሰው ጋር ሲያወራ የራሱ ድምፅ ነው ያለው፤ ሻካራና አጭር። ከበሬ ጋር ሲያወራ ግን ከወንድሙ የተማረውን ነው የሚያወራው፤ ቃሉም፣ ቃሉን የሚጎትትበት ልክም፣ በመጨረሻ የሚያስከትላት የምላስ ጠቅታም ያው ናት። ዞራ አላየችም። ከዞረች ዋቅጋሪ ይሆናል። ችካሉን ብቻ እያየች፣ ገመዱን ጨብጣ፣ ያ ድምፅ ከኋላዋ እየመጣ፣ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ሄደች። ዳር ላይ ሲያዞሩ ፊቷን ወደ ኮረብታው አደረገች። እንደገና ሄዱ። እንዲያልቅ አልፈለገችም፤ ግን አንዴ ብቻ ስለሚታረስ ቶሎ አለቀ።

"ደከመሽ?" አላት ዋቅጋሪ በሬዎቹን ሲፈታ።

"አልደከመኝም" አለችው። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችው። ላብ መሰለው።

ያ ክረምት ጠንካራ ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ እየወጣች ስታይ፣ በእያንዳንዱ ትልም ውስጥ ውሃው እንደ ክር ተኝቶ ይጠብቃታል፤ በማግሥቱ የለም፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሾው እርከኑን ይዞ ቅጠሉን አንዠረገገ። አረሙ ነበር፤ ግን በእጅ የሚቻል ነበር። መስከረም ላይ ዝናቡ ቀድሞ ቢወጣም ገብሱ አልጠወለገም፤ ሥሩ እርጥበት አግኝቶ ነበርና ፍሬውን ሞልቶ በሰለ። ኅዳር ላይ ሲያጭዱት ዋቅጋሪ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው "ይሄ ደህና ነው" ይል ነበር። ጉራቻ ከአገዳውም ከሣሩም በልቶ ጎኑ ሞላ። ዋቅጋሪ ወይፈን ሊገዛ እንደሚያስብ ተናገረ፤ ጉልላትም ሃዊን ለእሱም ማሳ ችካል እንድትተክልለት ጠየቃት።

ከአጨዳው በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሃዊና እናቷ ማሳው ዳር ተቀምጠዋል። ዓለምነሽ የምትቋጨውን ነጠላ ይዛ ወጥታለች፤ ብርሃኑ እዚህ ስለሚሻል ነው ብትልም ለሌላ ነገር ነው። ከፊታቸው ያለው መሬት በቢጫ አገዳ ተሸፍኗል፤ በመሀሉ የደሾው አረንጓዴ እርከኖች ጎበጥ ጎበጥ እያሉ ያልፋሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ማሳው አሁን ጥሩ እንደሆነ ያውቃል። መሬቱ ግን ያልተበጠረ ጠጉር ይመስላል።

"ልንገርሽ?" አለች ዓለምነሽ ጣቶቿ ክሩን እየገመዱ። "ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። አፈሩ አለ፤ ውሃው አለ፤ ገብሱንም አየሁት። ዓይኔ ግን አልለመደውም። አባትሽ አርሶ ሲጨርስ የነበረውን ነው የምፈልገው። ያን እንደ ዱቄት የላመውን። ያን ሽታ።"

ሃዊ ጉልበቷን አቅፋ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬቱን ታያለች።

"እኔንም ይናፍቀኛል" አለች። "ትንሽ ሆኜ፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ ልብስሽ ውስጥ አፍንጫዬን እከት ነበር። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሥልጠና ላይ ቆሜ ገበሬዎቹን 'ደጋግማችሁ አትረሱ' ስል እንኳ ይሸተኛል።"

ዓለምነሽ ልጇን ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ነጠላውን ዘረጋ አድርጋ ያልተቋጨውን ጫፍ አቀበለቻት።

"በዚያ በኩል ጀምሪልኝ" አለቻት። "ሁለት ሁለቱን ክር እየያዝሽ፣ ሳታጠብቂ።"

ሃዊ ጀመረች። የመጀመሪያው ተጣመመባት፤ እናቷ ፈታ መለሰችላት። ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ እስክትወርድና ብርዱ እስኪመጣ ድረስ፣ ነጠላውን በመሀላቸው ዘርግተው፣ ስለ ዋቅቶላ እያወሩ ቋጩ።